ፍርስራሹን ማን ይረከበዋል?

በአገራችን የሕንፃ ጨረታ ሰነዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ መስመር አለ፤ «ሲ-25 አርማታ፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ» ይላል። አማካሪው ይጽፈዋል፣ ሥራ ተቋራጩ ዋጋ ይሞላበታል፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ኩንታል ይቆጥርበታል። መስመሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ያዛል። ሲ-25 አርማታው ከ28 ቀን በኋላ ሊሸከመው የሚገባውን ጫና ይናገራል፤ 360 ኪሎው ደግሞ የሚገባበትን የሲሚንቶ መጠን። ጠጠሩን ያጠበ፣ አሸዋውን የነፋ፣ ውኃውን በልክ ያደረገ ተቋራጭ ያንኑ ጥንካሬ ባነሰ ሲሚንቶ ሊያገኝ ይችላል። ቢያገኝ ግን የሚያተርፈው የለም፤ እንዲያውም ውል እንዳፈረሰ ይቆጠርበታል። አማካሪውም ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርግ የሚያመሰግነው አይኖርም፤ ሕንፃው አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ግን የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም በየበኩሉ ጥንቃቄ ያደርጋል፣ የጥንቃቄው ድምር ደግሞ ብክነት ይሆናል። ግንባታችን ካርቦን የሚያባክንበትና ደህና ዕቃ ከፍርስራሽ ጋር የሚጥልበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቃውም ሙያውም በአገሩ አለ። የጎደለው፣ የቆጣቢነትን ሥጋት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከመጣል ይልቅ በጋራ የሚሸከም ስምምነት ነው። ይህን ለማየት ከከሚሴና ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የተሻለ ቦታ የለም፤ ችግሩም መፍትሔውም በአንድ የአስፋልት መንገድ ዙሪያ ተሰብስበው ይገኛሉና።

አስቀድሞ ሲሚንቶ ለምን የክርክሩ ማዕከል እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ሲጋገር በውስጡ ታምቆ የኖረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው አየር ሆኖ ይወጣል። ምድጃውን የሚያነደው የድንጋይ ከሰል ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ከሰሉን በሌላ ማገዶ መተካት ይቻላል፤ ድንጋዩ ከራሱ የሚለቀውን ግን ማገዶ መቀየር አያስቀረውም፣ ከፋብሪካው ልቀትም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸኛው ነው። ዓለም ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት እጁ ከሲሚንቶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከምድጃው የሚወጣው ክሊንከር የተባለው ምርት በኩንታል በግምት 85 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። ኦፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ከሞላ ጎደል ክሊንከር ነው። ፒፒሲ ውስጥ ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ፑሚስ የተባለ ቀላል ድንጋይ ተፈጭቶ ይቀላቀላል፤ የዚህ ድንጋይ ክምችት ደግሞ በስምጥ ሸለቆአችን ሞልቷል። የድብልቁ ሩብ ያህል ፑሚስ ከሆነ ከእያንዳንዱ ኩንታል 20 ኪሎ ያህል ልቀት ይቀንሳል። 150 ኩንታል የሚፈጅ አንድ ቤት በፒፒሲ ቢሠራ ሦስት ቶን ይድናል ማለት ነው፣ ያውም አዲስ ቴክኖሎጂ ሳይመጣ፣ ከአንድ ሱቅ የሚገዛውን ከረጢት በመለወጥ ብቻ። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ግን ጣውላውን በቶሎ ነቅሎ ወደ ቀጣዩ ፎቅ መሄድ የሚፈልግ ተቋራጭ ይሸሸዋል። የጊዜ ገደቡን ያጠበበው አሠሪው ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ግን ተቋራጩ ነው። እዚህም ሥጋቱ የወደቀው በአንድ ሰው ላይ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የምትሠራበት ሲሚንቶ ከሩቅ ይመጣል። ነባሮቹ ሙገርና ደርባ ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ በሰሜን ሸዋ መሆኑ አቅርቦቱን ቢያቀርበውም፣ ኩንታሉ ከሚሴ የሚደርሰው በከባድ መኪና፣ በገደልና በቁልቁለት ነው። ለፌሮ የሚሆነው ጥሬ ብረት ደግሞ በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ይህ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የከሚሴ፣ የሰንበቴ፣ የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ሰው ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ በአካባቢው በደረሰው ግጭት፣ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ሲመጣ፣ ብዙ ቤትና ተቋም ተቃጥሏል፣ ፈርሷል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ መልሶ መገንባት የተባለው ሥራ በተጀመረበት ወቅት የሲሚንቶ ዋጋ ከተራው ሰው አቅም በላይ ወጥቶ ነበር። አንድ ቤተሰብ የተቃጠለ ቤቱን ግድግዳ አፍርሶ፣ ድንጋዩን ለይቶ፣ ቆርቆሮውን አቃንቶ እንደገና ሲያቆም ያደረገው ነገር ሌላው ዓለም ዛሬ በትልልቅ ጉባኤዎች የሚመክርበት መልሶ መጠቀም ነው። ያደረገው ግን ያለ ምንም መመሪያ፣ ያለ ምንም ምርመራና ያለ ማንም እገዛ ነው።

ይህ ልማድ በዞኑ ሥር የሰደደ ነው። በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ በተራራ አናት ላይ የተቀመጠችው የአርጎባዎች መንደር ሾንኬ ዕድሜዋን የአካባቢው ሰው ወደ 900 ዓመት ያደርሰዋል። ቤቶቿ ከዚያው ከተራራው በተገኘ ድንጋይ በጭቃ ተያይዘው የተገነቡ፣ በእንጨትና በአፈር የተደፈኑ ናቸው። የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆና ስትኖር ተማሪዎችንና ሊቃውንትን ያስጠለለችው ያለ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። አንዱ ግድግዳ ሲያረጅ ድንጋዩ ተመልሶ ለሌላው ይውላል። ወረድ ብሎ በሜዳው ያለው የጭቃ ቤትም ከዚህ አይለይም፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል፣ ቤቱ ሲፈርስ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ማገሩና ወጋግራው ለሌላ ቤት ወይም ለማገዶ ይሆናል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ይኸው ጥበብ የከተማ መልክ ይዟል። የተጣመመ ብረት እየተቀጠቀጠ ይቃናል፣ በርሜል ተቀዶ ላሜራ ይሆናል፣ የፈረሰ ቤት በርና መስኮት ገዥ ይጠብቃል። በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ነው። እነዚህ ሰዎች ለአገሪቱ የሚያተርፉት የውጭ ምንዛሪና የሚያስቀሩት ጭስ በየትኛውም ሪፖርት ላይ የሰፈረ አይመስለኝም፤ ሊሰፍር ይገባው ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልማድ ለምን በትልቁ ግንባታ በር ላይ ይቆማል? አንድ የመንግሥት ሕንፃ ሲፈርስ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ብናየው መልሱ ይገኛል። አፍራሹ የሚከፈለው ቦታውን በቶሎ ስላጸዳ እንጂ ዕቃውን በጥንቃቄ ስለነቀለ አይደለም፤ ስለዚህ በማሽን ይንደዋል። ድንጋዩ፣ ብሎኬቱ፣ ፌሮውና ጣውላው በአንድ ላይ ይደባለቃል። ከተማው የሚለይበት ቦታ ስላላዘጋጀ ክምሩ ወደ ገደል ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ሌላው ተቋራጭ ለመሠረት ሙሌት የሚሆን ገረጋንቲ ከሌላ ኮረብታ ያስቆፍራል፣ አሸዋም ከወንዙ ያስወጣል። የቦርከናን ዳርቻ የሚያውቅ ሰው ወንዙ ከአንድ ወገን ሲቆፈር ከሌላው ወገን ፍርስራሽ ሲደፋበት ምን እንደሚደርስበት መገመት አይቸግረውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስለ ግንባታ ፍርስራሽ የሚናገር አንቀጽ አለው። አንቀጹ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፍርስራሹ በደንብ እንዲወገድ የሚያዝ ሕግና ፍርስራሹ ዕቃ ሆኖ እንዲሸጥ የሚያደርግ ገበያ አንድ አይደሉም። ለገበያው፣ ድንጋዩን የሚለይ፣ የሚመረምረው፣ ደረጃ የሚያወጣለት፣ የሚገዛው፣ «በዚህ ሥራ ላይ ተፈቅዷል» ብሎ የሚፈርምለት አምስት ዓይነት ሰው ያስፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ አራቱ ድካም ከንቱ ነው። ትብብር በዚህ ዘርፍ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የወሎ ሰው ይህን አሠራር በሌላ ስም ያውቀዋል፤ ቅሬ ይለዋል። ሞት የማይቀር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ በማን ቤት መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቂት እያዋጣ የአንዱ ቤት ሐዘን ቤቱን እንዳያፈርሰው ይደረጋል። ባነሰ ሲሚንቶ መሥራት ወይም የተነቀለ ድንጋይ መልሶ መጠቀም ውስጥ ያለው ሥጋትም ጥቂት ነው፤ ለብቻው ለተሸከመው ሰው ግን ከባድ ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያደረገችው ይህንኑ ሥጋት በጋራ መሸከም ነው። መንግሥት፣ ትልልቅ አሠሪዎች፣ ተቋራጮች፣ የአርማታ አምራቾችና አፍራሾች በአንድ የአርማታ ስምምነት ላይ ፈረሙ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጋር ሲነጻጸር እስከ 2030 ልቀቱን ቢያንስ በ30 ከመቶ ለመቀነስ፣ የፈረሰ አርማታ ሁሉ ተመልሶ ጥሩ አገልግሎት ላይ እንዲውል ለማድረግ ተስማሙ። የስምምነቱ ጉልበት አሠሪዎቹ መግባታቸው ነበር፤ ገዥው «እንዲህ ያለውን እገዛለሁ» ካላለ አምራቹ መፍጫ ማሽን የሚገዛበት ምክንያት የለውም። በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ኬ118 የተባለ ሕንፃ በአብዛኛው ከሌሎች ሕንፃዎች በተነቀለ ብረት፣ መስኮትና ደረጃ ተሠርቶ ከአዲስ ዕቃ ግንባታ ጋር ሲተያይ ልቀቱን 60 ከመቶ ያህል ቀንሷል። ንድፉ የተሠራው ዕቃው ከተገኘ በኋላ በመሆኑ፣ ነዳፊው፣ አፍራሹና ገንቢው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አብረው መሥራት ነበረባቸው።

«ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው» የሚል ካለ የራሳችንን የኮብልስቶን ሥራ ያስታውስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ በድሬዳዋ ተሞክሮ ወደ ብዙ ከተሞች ሲዛመት የነበረው አሠራር የትብብር ትምህርት ቤት ነበር። ከተማው የማይዋዥቅ ገዥ ሆነ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጠራቢና አንጣፊ አሠለጠኑ። ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ተደራጅተው ድንጋዩን አቀረቡ፤ የድንጋዩ መጠንና የአነጣጠፉ ልክ አስቀድሞ በወረቀት ስለተወሰነ ማንም ከማንም ጋር ስለ ጥራት መጨቃጨቅ አላስፈለገውም። ሬንጅ ከውጭ አልመጣም። የውኃ ቧንቧ ለመቅበር መንገዱ ሲቆፈርም ድንጋዩ ተነስቶ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። ጥራቱ የተጓደለበት ቦታ መኖሩ እውነት ነው፤ ብዙ ሰፈር ውስጥ የሰመጠ ንጣፍ አይተናል። ይሁን እንጂ ከገረጋንቲ መንገድ በቀር ሌላ የማያውቁ ከተሞች በአገራቸው ድንጋይና በአገራቸው ልጅ እጅ መንገድ ያገኙት ገዥ፣ አሠልጣኝና አቅራቢ በአንድ ልክ ስለተስማሙ ነው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ልደታ ግቢ የሚገኘው የኪነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ ባለ ሁለት ወለል የአፈር ቤት ሠርቶ አሳይቷል፤ ጣሪያና ወለሉ ከአፈር ጡብ የተገመደ ቀስት ነው። ያ ቤት ግን ናሙና ሆኖ ቀረ። ኮብልስቶን መንገድ ላይ የወጣው ገዥ ስላገኘ ነው፤ የአፈሩ ቤት በግቢ የተወሰነው የሚፈርምለት አሠሪ ስላጣ ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ከባዱ መቃወሚያ የሰው ሕይወት ነው፣ ከባድነቱንም አልክድም። የዞኑ ምድር ረጋ ያለ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ጥሏል፣ የአዲስ አበባ–አሥመራን መንገድም ሰነጣጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድም የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ከፍተኛ ሥጋት ካለበት ቀጠና ይመድበዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ከፍርስራሽ የወጣ፣ ተጣሞ የተቃና ፌሮ ለምሰሶ ማዋል ወንጀል ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ብረት ሲታጠፍና ሲቃና ሳይሰበር የመሳብ ጠባዩ ይቀንሳል፣ ሕንፃን በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚያድነው ደግሞ ያ ጠባይ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግድግዳም አግድም ማሰሪያ ከሌለው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሾንኬን የማደንቃት እንዳለች እንድትቀዳ አይደለም። ይሁን እንጂ መቃወሚያው በትክክል ሲታይ ትብብርን ይደግፋል። አደጋው ያለው ዕቃው ማርጀቱ ላይ ሳይሆን ማንነቱና ጥንካሬው አለመታወቁ ላይ ነው። ዛሬ የተቃና ፌሮ ያለ ምንም ቁጥጥር በገበያ ይሸጣል፤ የት እንደሚገባም የሚከታተል የለም። የሚመረምርና የሚለይ ሥርዓት ቢኖር ያ ብረት ወደ ምሰሶ መሄዱ ቀርቶ ወደ ማቅለጫ ይሄድ ነበር። የተፈጨው አርማታ ለመንገድ መሠረትና ለሙሌት፣ ድንጋዩ ለአጥርና ለእርከን፣ በሩ፣ መስኮቱና ቆርቆሮው ለዳግም አገልግሎት ይውል ነበር። ከሕንፃ ክብደት ትልቁ ክፍል ሊውል የሚችለው ደግሞ የሰው ሕይወት በማይንጠለጠልባቸው በእነዚህ አገልግሎቶች ላይ ነው።

ብረቱን ማቅለጥ በኢትዮጵያ ከሌላው አገር የተለየ ትርጉም አለው። ከማዕድን አንድ ቶን ብረት ሲሠራ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ቁርጥራጭ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ የሚወጣው በአብዛኛው ኤሌክትሪኩ ከየት እንደመጣ ይወሰናል። የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃና ከንፋስ የሚመጣ ነው፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ጨምሮበታል። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ኮምቦልቻ ቆርቆሮና ሚስማር የሚያመርት ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት የብረት ሥራ የለመደች ከተማ ናት። በዚህ መስመር የሚሰበሰብ ቁርጥራጭ ተለይቶና ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ የሚሄድበት መንገድ ቢበጅ አትራፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ የውጭ ምንዛሪው ብቻ ይበቃል።

«ኢትዮጵያ ከዓለም ልቀት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ያልያዘች አገር ናት፣ ለምን እኛ?» የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። አየሩን ያቆሸሹት ሌሎች ናቸው፤ የከሚሴ ነዋሪ የደህና ቤት ሕልሙን ለእነሱ ሲል እንዲያሳጥር መጠየቅ ነውር ይሆን ነበር። እዚህ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር ሲሚንቶ መቆጠብና ገንዘብ መቆጠብ አንድ ተግባር ናቸው፤ ካርቦኑ ተከትሎ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ከተሞቻችን ገና አልተሠሩም። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሲሚንቶን ከኢንዱስትሪ ልቀት ትልቁ ምንጭ አድርጎ የቆጠረውም ይህን የሚመጣ ግንባታ አስቦ ነው። ዛሬ የሚጻፈው የጨረታ መስመር ለሃምሳ ዓመት የሚቆም ሕንፃ ይሆናል።

አንድ መቃወሚያ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አምራቾችና ነጋዴዎች በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ የሚስማሙት ስለ ካርቦን ብቻ ላይሆን ይችላል። ሲሚንቶ ከፋብሪካ በር እስከ ከተማ ሱቅ ሲደርስ ዋጋው በእጥፍ ሲጨምር ያየ ሕዝብ «ትብብር» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ዋጋ ለመወሰን የሚደረግ ስምምነትን ይከለክላል፤ ክልከላው በወረቀት መቅረት የለበትም። ስምምነቱ ስለ ልክና ስለ ደረጃ እንጂ ስለ ዋጋ መሆን የለበትም፣ ሰነዱ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዥው ወገን ከመጀመሪያው በጠረጴዛው ይቀመጥ። ሻጮች ብቻ የተሰበሰቡበት ጉባኤ ወዴት እንደሚያዘነብል ማንም ያውቃል።

ከሚሴ ላይ ያ ገዥ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ጽሕፈት ቤትና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያሠራው የከተማውና የዞኑ አስተዳደር ነው፤ ትልቁ አሠሪ እሱ ስለሆነ መጀመር ያለበትም እሱ ነው። የሚፈርስ ሕንፃ ሲኖር ሥራው በቀን ገደብ ብቻ መሰጠቱ ቀርቶ በተለየው ዕቃ መጠን የሚከፈልበት ውል ሊያዘጋጅ ይችላል። ከመንገዱ አጠገብ አንድ የተከለለ ሜዳ ለማከማቻ ቢሰጥ፣ የመለየቱን ሥራ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ቢያስረክብ፣ ለአጥር፣ ለእርከንና ለመንገድ ሙሌት የሚሆነውን ከዚያው እንደሚገዛ አስቀድሞ ቢያሳውቅ የገበያው ግማሽ ቆመ ማለት ነው። ምርመራውን የሚሠራ ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል መሐንዲሶችን የሚያስተምር ተቋም ነው፣ የአካባቢውን ጠጠር፣ አሸዋና የተፈጨ አርማታ መፈተን ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ፣ ለከተማው ደግሞ የሚታመን ሰነድ ይሆናል። ያ ሰነድ ካለ አማካሪው ሲፈርም ብቻውን አይደለም፤ ከፊርማው በስተጀርባ የተቋም ምርመራና የአሠሪ ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው እርምጃ ደግሞ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም። የሚቀጥለው ጨረታ ሲወጣ «360 ኪሎ» የሚለው ቁጥር ይሰረዝና የሚፈለገው ጥንካሬ ብቻ ይጻፍ፤ የተፈተነ ናሙና ያቀረበ ተቋራጭ ሲሚንቶ ሲያድን የዳነው ገንዘብ ለእሱና ለከተማው እኩል ይካፈል። ግንብና ልስን በፒፒሲ እንዲሠሩ ይደረግ፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የመጠንከሪያ ቀንም ከጊዜ ሰሌዳው ላይ ይታሰብ። የቀኑን ዋጋ የሚከፍለው ከተማው ይሁን፤ የሚቀረው ሲሚንቶ የሚገዛው ከእሱ ኪስ ነበርና።